ሁለተኛው ጽዋ

ባልንጀራውን ከማዕድ ለመለየት ብልኃት የሚፈልግ ሰው፣ ብልኃቱን የቱንም ያህል ባማረ ስም ቢጠራው፣ በመጨረሻ ከማዕዱ የሚለየው ራሱ ነው። ይህ ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። አንባቢ ከዚህ የተለየ ትምህርት ቢፈልግበት አያገኝም፤ መምህር ጉልላት ሌላ ትምህርት የሚወጣበት ኑሮ አልኖረምና።

ጉልላት ከመንዝ ተነሥቶ ወደ ሀዋሳ የመጣው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ፣ ጂኦግራፊ ሊያስተምር ተቀጥሮ ነው። የዓለምን ታላላቅ ወንዞች ከምንጫቸው እስከ መድረሻቸው በቃሉ ያውቅ ነበር፤ ከደጁ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር የሚኖረውን ሕዝብ ግን ሰላምታውን እንኳ አልተማረም። ለምን አልተማርህም ቢሉት፣ እነርሱ አማርኛ እየለመዱ ስለሆነ አያስፈልግም ይል ነበር። ወንጌላዊውን እምነት የተቀበለው ከአብዮቱ በፊት ነው፤ ከልቡ ይቀበለው ወይስ ከአንደበቱ፣ መፍረድ የእኛ ፋንታ አይደለም። አንደበቱ እንደተቀበለው ግን እርግጥ ነው፤ «ከነገድ ሁሉ፣ ከቋንቋ ሁሉ» የሚለውን ቃል እርሱን ያህል በየስብሰባው የሚደጋግም አልነበረም።

ደርግ የወንጌላውያኑን የጸሎት ቤቶች በዘጋባቸው ዓመታት የእነ ጉልላት ቤትም ታሸገ፤ ቆየት ብሎም የቀበሌ መሰብሰቢያ ሆነ። ምእመናኑ ከብዙ ወገን የተሰባሰቡ ነበሩ፦ የወላይታ ሸማኔዎች፣ የከምባታ የቀን ሠራተኞች፣ ከሰሜንና ከመካከለኛው አገር የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች፣ በሐይቁ ዳር፣ በአሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጠው ኦሮሞዋ ጫልቱ፣ እንዲሁም ከከተማው ዳር የሚኖሩ ጥቂት የሲዳማ ገበሬዎች። እነዚህ ሁሉ በየሰዉ ቤት እየተዘዋወሩ ሲጸልዩ ጥቂቶቹ ተይዘው ታሰሩ። በመጨረሻ መሸሸጊያ ያገኙት በቱላ መንገድ፣ በወይዘሮ ገበያነሽ ጎጆ ነው።

ወይዘሮ ገበያነሽ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ባለመሬት የሆኑት የሲዳማ ገበሬዎች ሸክላ ሠሪዎቹን ሃዲቾ ብለው ከራሳቸው ይለያሉ። ማሰሯቸውን ገዝተው ይቀቅሉበታል፤ ከእጃቸው ግን አይቀበሉም፤ ከጽዋቸው አይጠጡም፤ ደጃፋቸውን አይሻገሩም። ወይዘሮ ገበያነሽ ቤታቸውን ለጸሎት የሰጡትም ይህንኑ በማሰብ ነው። «የእኔን ቤት ፈታሽ አይገባውም» አሏቸው። «ስንት ዘመን የተናቅሁበት፣ አንድ ጊዜ ይጥቀማችሁ።»

እንዳሉትም ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መሣሪያቸውን አንግተው መጡ። የአካባቢው ገበሬ ልጆች ናቸው። ጉልላት ለመድረቅ ከተደረደሩት እንስራዎች ጀርባ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር።

«ማነው ውስጥ ያለው?» አለ አንደኛው ከአጥሩ ማዶ።

«ግቡና እዩ፤ በሬ ክፍት ነው» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ።

«እዚያው ሆነሽ ንገሪን።»

«የእኔ ዓይን ደክሟል፤ የእናንተ ደኅና ነው። ምን ትፈራላችሁ? ሸክላ አይናከስም።»

ሌላው ምራቁን ተፋ። «ተወው ባክህ፤ ማን እዚያ ይገባል?» አለ፤ ሄዱ።

ጉልላት ከተደፋበት ሲነሣ የወይዘሮ ገበያነሽን ጉልበት ሳመ፤ «እናቴ» አላቸው፤ በቅላቸው የቀረበለትን ውኃ ጨልጦ ጠጣ። ያን ዕለት የሸክላ ሠሪ ውኃ የሚጠጣና የማይጠጣ ሰው መኖሩ ትዝ አላለውም። ፍርሃት እንዲህ ያለውን ሰው ለጥቂት ጊዜ ትሑት ያስመስለዋል።

በ፲፱፻፹፪ ዓ.ም. መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ አውጆ እጁን ሲያላላ፣ የታሸጉ ጸሎት ቤቶች በየቦታው ይከፈቱ ጀመር። የእነ ጉልላት አሮጌ ቤት አልተመለሰም፤ በምትኩ የገበሬ ማኅበሩ በቱላ መንገድ ባዶ ቦታ ሰጣቸው። ሥራው በአንድ ክረምት ተጧጧፈ። ገበሬዎቹ ባሕር ዛፍና ቀርከሃ ተሸክመው መጡ፤ ሸማኔዎቹ ጭቃ ረገጡ፤ የሸክላ ሠሪዎቹ ቤተ ሰቦች ግድግዳ መረጉ፤ ጫልቱ በአህያዋ ውኃ አመላለሰች። በገበሬዎቹ መካከል ገና እምነቱን የተቀበሉ፣ በወይዘሮ ገበያነሽ ጎጆ ጸልየው የማያውቁ ብዙ ነበሩ። እነዚህ ጭቃውን ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር አብረው አቦኩ፤ ምሳ ሲሆን ግን ራቅ ብለው ይቀመጡ ነበር። ይህን ሁሉም ያያል፤ ማንም አያነሣውም።

ጉልላት ጥላ ዘርግቶ ዳር ላይ ቆሞ ይናገር ነበር። «ይህ ቤት» አለ አንድ ቀን፣ «የአማራው፣ የወላይታው፣ የሲዳማው፣ የኦሮሞው፣ የከምባታው ቤት ነው። ሁላችን አንድ አካል ነን።»

ጫልቱ ከአህያዋ ላይ ውኃ እያወረደች፣ «መምህር፣ አንዱ አካል እግር የለውም እንዴ?» አለችው። «ጭቃው ውስጥ አላየነውም።»

ሸማኔዎቹ ሳቁ። ጉልላትም እንደ ትልቅ ሰው ፈገግ አለ፤ ከጥላው ግን አልወጣም።

ያ ሰው የሚመኘው አንድ ነገር ነበር። ቤቱ በሚመረቅበት ዕለት፣ ከጌታ እራት በኋላ፣ ምእመናኑ ሽማግሌዎችንና የሽማግሌዎቹን ሰብሳቢ እንዲመርጡ ተወስኖ ነበር። ጉልላት የሰብሳቢነቱን ወንበር ፈለገ። ርእሰ መምህርነት ተመኝቶ አላገኘም። ለፓርቲው አባልነትም፣ በሸክላ ሠሪዋ ጎጆ ተንበርክኮ በሚጸልይበት በዚያው ዓመት አመልክቶ፣ አልፈለጉትም። ይህኛውን ወንበር ግን የሚሰጠው ሀብት ወይም ካድሬ ሳይሆን የምእመናኑ ድምፅ ነበር፤ ድምፁ የሚበዛውም በገበሬዎቹ ዘንድ ነው። ስለዚህ ስለ ገበሬዎቹ ማሰብ ጀመረ። አስቦም ያገኘው ከሐሳባቸው ሁሉ ክፉውን ነው።

ከገበሬዎቹ ተሰሚው ደረሰ ነበር፤ ጸሎት ቤቶቹ ከተዘጉባቸው ዓመታት ጀምሮ በወይዘሮ ገበያነሽ ቤት አብሯቸው የጸለየ፣ ጥቂት የሚናገር ሰው። ጉልላት የእንሰት ችግኝ እየተከለ ሳለ አገኘው።

«ደረሰ፣ ዘመዶችህ ለምረቃው ይመጣሉ?»

«ቤቱን ያቆሙት እነርሱ ናቸው፤ መምህር፣ ለምን ይቀራሉ?»

«መምጣቱንስ ይመጣሉ። ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር በአንድ ጽዋ ይጠጣሉ ወይ ነው ጥያቄዬ።»

ደረሰ መቆፈሪያውን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈው። «እኔ እጠጣለሁ። እዚያ ቤት ስንት ዓመት ጠጥቻለሁ። የመጀመሪያ ቀን ግን ቤቴ ተመልሼ አፌን ታጥቤያለሁ፤ አልዋሽዎትም። ለአዲሶቹ ይከብዳቸዋል። አማቴ እንኳ ይጠጡ እንደሆነ አላውቅም።»

«አየህ፤ ለዚህ ነው ብልኃት የሚያስፈልገው። ለሸክላ ሠሪዎቹ የኋላውን አግዳሚ እንስጣቸው፤ ጽዋም ለብቻ። ለጊዜው ነው፤ ሰዉ እስኪለምድ።»

«እማማ ገበያነሽ ተስማሙ?»

«እርሷን ለእኔ ተዋት። አንተ ለዘመዶችህ ስትነግራቸው፣ ይህን ያሰበላቸው ማን እንደሆነም አትርሳ።»

«ምርጫውን ማለትዎ ነው።»

«ምርጫ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።»

«አልወጣም» አለ ደረሰ። «ብቻ መምህር፣ ሐሳቡ የእርስዎ ነው። የእኔ አይደለም።»

ይህን ብሎ ወደ ችግኙ ተመለሰ። እምቢ ማለት ሲገባው እምቢ አላለም፤ ይህም ጥፋቱ ነው፤ ኋላ ራሱ የሚለው ስለሆነ እዚህ አናበዛበትም። ጉልላት ግን ዝምታውን እንደ ውል ቆጥሮ ወደ ወይዘሮ ገበያነሽ ሄደ።

ጎጆአቸው ደጃፍ ላይ ቆመ፤ አልገባም። በስጋት ዘመን «እናቴ» እና «እርስዎ» ይላቸው የነበረው ሰው፣ አሁን በዕድሜ የሚበልጡትን ሴት «አንቺ» ማለት ከጀመረ ሰንብቷል።

«ገበያነሽ፣ እንደምን ዋልሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ እንጂ፤ ዛሬ የሚያሳድድህ የለም።»

«እቸኩላለሁ። ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ሰላም ላማክርሽ ነው የመጣሁት።»

«አማክረኝ፤ ጆሮዬ ጭቃ አልነካውም» አሉ፣ የጀመሩትን ማሰሮ አፍ እያለሰለሱ።

ጉልላት የማስተማሪያ ድምፁን አወጣ። ስለ ደካሞች ኅሊና፣ ስለ ገበሬዎቹ አዲስነት፣ ስለ ትዕግሥት ዋጋ አስረዳ። የኋላውን አግዳሚና የብቻውን ጽዋ የተናገረው በመጨረሻ፣ እንደ ቀላል ነገር አድርጎ ነው።

«ጽዋው ምንድን ነው? ብርጭቆ ነው?»

«ጣሳ ነው። አዲስ ነው፤ ንጹሕ ነው።»

«አገሩ ሁሉ በእኔ ሸክላ ይጠጣል፤ ለእኔ ጣሳ ተገዛልኝ።»

«ነገሩን አታክርሪው። አንቺ አስተዋይ ሴት ነሽ።»

«ያኔ ‹እናቴ› ትለኝ ነበር።»

«አሁንስ ምን አልሁሽ?»

«ሴት ነሽ አልኸኝ። እርሱን ሳትነግረኝም አውቀዋለሁ።»

«ትስማሚያለሽ ወይስ አትስማሚም?»

«ጌታ ሲጠራኝ እመጣለሁ፤ ቦታ ባገኘሁበት እቀመጣለሁ። የቀረውን ከጠሪው ጋር ተነጋገር።»

ይህን መልስ እሺታ ነው ብሎ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው ከሚነገረው ውስጥ የሚመቸውን ብቻ መርጦ ይሰማል።

የምረቃው ዕለት ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። እራቱን የሚባርኩት አረጋዊው ወንጌላዊ አምሳሉ ነበሩ፤ በእምነታቸው ምክንያት ብዙ ዓመት ታስረው የተፈቱ፣ ከእስር ቤት ያመጡት ሕመም ሲራመዱ የሚያስነክሳቸው የወላይታ ሰው። ጉልላት አዲስ ካፖርት ለብሶ ሰዉን ያስተናግዳል። የሸክላ ሠሪዎቹን ቤተ ሰቦች አንድ በአንድ ወደ ኋላ አግዳሚ መራቸው። ወይዘሮ ገበያነሽ ቀደም ብለው መጥተው ከፊት፣ ከጫልቱ አጠገብ ተቀምጠው ስለነበር ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው አንሾካሾከ።

«ምን ይላል?» አለች ጫልቱ።

«ወደ ኋላ ሂጂ ይላል።»

«ለምን?»

«ለሰላም ነው አሉ።» ወይዘሮ ገበያነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ በጌታ ቤት መሟገት አልፈለጉም። ጫልቱ ጉልላትን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና ተከትላቸው ሄዳ ከጎናቸው ተቀመጠች።

ስብከቱ አልቆ ወንጌላዊ አምሳሉ የጠረጴዛውን ነጭ ጨርቅ ገለጡት። ዳቦው አለ፤ የዘቢብ ጭማቂ የሞላበት ባለ እግር ብርጭቆ አለ፤ ከብርጭቆው ጎን ሌላ ነገር አለ።

«ይህ ጣሳ ምንድን ነው?» አሉ።

«ሰዉ ስለበዛ ነው» አለ ጉልላት፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «ኋላ ላሉት፣ እንዲፋጠን ብዬ።»

ይህ የመጀመሪያው ውሸት ነው።

«ኋላ ያሉት እነማን ናቸው?» አሉ ወንጌላዊው፣ ጮክ ብለው።

ከኋላ አግዳሚ የጫልቱ ድምፅ ተሰማ። «ሸክላ ሠሪዎቹ ናቸው፣ ጋሽ አምሳሉ፤ እኔም አለሁ። እኔ ዓሣ ሻጭ ስለሆንሁ ሳልታዘዝ ነው የመጣሁት።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ሳቁ ቶሎ ሞተ። ወንጌላዊ አምሳሉ ያነሡትን ዳቦ መልሰው አስቀመጡት። «ማን ነው ይህን ያዘዘ?» አሉ።

እዚህ ላይ ጉልላት መናዘዝ ይችል ነበር። ቢናዘዝ ወንበሩ ቢቀርበት እንኳ ስሙ አይጠፋም ነበር። እርሱ ግን ወንበሩን ነበር የሚያየው። «የአገሬው ገበሬዎች የጠየቁት ነው» አለ። «ባህላቸው ነው፤ የሚታወቅ ነው። እኔ ተቃውሜ ነበር፤ ቤቱ እንዳይከፈል ብዬ በኋላ ተቀበልሁ እንጂ። አቶ ደረሰ ይመሰክራል።»

ሒሳቡ ይህ ነበር፦ ደረሰ በዘመዶቹ ፊት፣ የዘመዶቹን ልማድ ተቃውሞ ሊናገር አይደፍርም፤ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ምስክርነት ይሆናል። ይህን ሊያስብ የሚችለው በዚያ ሕዝብ መካከል ዕድሜውን ጨርሶ ሕዝቡን ያልተማረ ሰው ብቻ ነው። በሲዳማ ዘንድ ነገር በሸንጎ ፊት ቀርቦ፣ ሰው «ሀላሌውን ተናገር»፣ ማለትም እውነቱን ተናገር ከተባለ፣ ለዘመድም ለጥቅምም ብሎ አይሸሽግም። ሀላሌን የደበቀ ሰው በከብቱም በልጁም ላይ ጥፋትን ይጠራል። ይህን የገበሬ ሕፃን ያውቀዋል፤ የወንዞቹ ሊቅ አላወቀውም።

የደረሰ አማት፣ ሽበታሙ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። በሲዳምኛ አንዲት ነገር ብቻ ተናግረው ተቀመጡ። ደረሰን ሀላሌውን ጠየቁት።

ደረሰ ቆመ፤ ለሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ ተናገረ።

«ንቀቱ የእኛ ነው። ሸክላ ሠሪን እንንቃለን፤ አባቶቻችንም ንቀዋል። ይህን ከሰሜን የመጣ ሰው አላስተማረንም። ጣሳውን ግን እኛ አልጠየቅንም። መምህር እንሰት ስተክል መጥተው፣ ለእነርሱ ለብቻ ጽዋ እናድርግ አሉኝ። ያሰበላችሁ ማን እንደሆነ ለዘመዶችህ ንገር አሉኝ። እኔ አልነገርሁም፤ እምቢም አላልሁም። ሀላሌው ይህ ነው።»

ጉልላት ካፖርቱን ቆለፈ፤ ፈታ። «አቶ ደረሰ አልተረዳኝም» አለ። «አማርኛ እንደሚታወቀው ለእርሱ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ነገሩን...»

«ቤቱን ስንሠራ አማርኛዬ ይበቃዎ ነበር» አለው ደረሰ፤ ተቀመጠ።

ወንጌላዊ አምሳሉ ወደ ኋላ ተመለከቱ። «እማማ ገበያነሽ፣ ይህ ሰው ለእርስዎም ነግሮዎታል?»

«መጥቶ ነበር» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ። «ደጅ ቆሞ ሄደ። አልገባም።»

ከዚህ በላይ አልተናገሩም። በዚያ ጎጆ ተደብቀው የነበሩት ሁሉ ግን ራሳቸውን አቀረቀሩ፤ አልገባም ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁ እነርሱ ነበሩ።

ወንጌላዊው ጣሳውን አንሥተው ከጠረጴዛው ሥር አኖሩት። ወይዘሮ ገበያነሽን ወደ ፊት ጠርተው ብርጭቆውን በመጀመሪያ ለእርሳቸው ሰጡ። ቀጥሎ ደረሰ መጥቶ፣ እርሳቸው ከጠጡበት ጠጣ። የደረሰ አማት ብዙ ጊዜ ቆመው አዩ፤ ከዚያ ዱላቸውን ይዘው ወጡ፤ ከዘመዶቻቸውም የተከተሏቸው ነበሩ። የቀሩት ገበሬዎች ቀረቡ፤ አንዳንዱ ከንፈሩን ብቻ አስነካ፤ አንዳንዱ ጠጣ። ዘመን የሠራው ንቀት በአንድ ቀን ፈረሰ ብሎ የሚጽፍ ሰው ካለ እርሱ ሌላ ጸሐፊ ነው፤ እኛ ያላየነውን አንጽፍም። ሽማግሌውም ሰው የማይክደውን እውነት ከአማቻቸው አፍ ፈልቅቀው ካወጡ በኋላ፣ ከዚያ ጽዋ መጠጣት ራሳቸው ሊያደርጉት ያልቻሉት ነገር ስለነበር በመውጣታቸው እናዝናለን እንጂ አንሥቅም። የምንንቀው ሌላውን ነው፤ ይህ ንቀት በደሙ ሳይኖር፣ ለወንበር ሲል ከሌላ ሰው የተበደረውን።

ሁሉም ጠጥተው ሲያበቁ ጉልላት እጁን ወደ ብርጭቆው ዘረጋ።

«አንተ ዛሬ አትጠጣም» አሉት ወንጌላዊ አምሳሉ። «የዋሸኸው በዚህ ጠረጴዛ ፊት ነው።»

«ወንጌላዊ፣ በሕዝብ ፊት...»

«የዋሸኸውም በሕዝብ ፊት ነው።»

ምርጫው በዚያው ዕለት ተካሄደ። ደረሰ ሲጠቆም፣ «እምቢ ማለት ሲገባኝ ዝም ያልሁ ሰው ነኝ» ብሎ ስሙን አሰረዘ። ለሰብሳቢነት የተመረጠው ከወላይታ ሸማኔዎች አንዱ ሆነ። የጉልላትን ስም የጠቆመ አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ አዲሶቹ ሽማግሌዎች ጉልላትን አስጠሩት። ጥፋቱን አምኖ ወይዘሮ ገበያነሽን ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ይህን ቢያደርግ እንደሚቀበሉት ነገሩት። እርሱ ስለ ጊዜው ሁኔታና ስለ ሐሳቡ ቅንነት ረጅም ማብራሪያ አቀረበ፤ በማብራሪያው ውስጥ የወይዘሮ ገበያነሽ ስም አልተገኘም። ሽማግሌዎቹ ከማስተማርና ከማናቸውም አገልግሎት ሻሩት፤ ይቅርታ እስኪጠይቅም ድረስ ከጌታ እራት አገዱት። ወደ ሌላ ማኅበረ ምእመናን ሄዶ ሊቀላቀል ጠየቀ፤ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ስለነበር፣ መጀመሪያ ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ታረቅ ብለው መለሱት። አልታረቀም። ደርግ ወድቆ፣ ጉልላትም ጡረታ ወጥቶ፣ እገዳው እንደጸና ነበር።